ቁጥር አሥራ ሁለት

የባሏ ታላቅ እህት የመኝታ ቤቱን በር ገፋ ስታደርገው፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ ያጠለቁ ሁለት እግሮች ወጥተው አየች።

«አንቺ፣ እዚያ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ነጠላ ጫማዬ ጠፍቶኝ ነው እትዬ» አለ ከአልጋው ሥር በአቧራ የታፈነ ድምፅ።

«እግርሽ ላይ ያለውስ ምንድነው?»

እግሮቹ ትንሽ አሰቡ። «አገኘሁት» አለ ድምፁ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል፣ ቀብሩ ትናንት ነው፣ ባለሐዘኗ ደግሞ አልጋ ሥር ናት። እትዬ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ወደ ሳሎን ተመለሰች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ዘመዷም በጆሮዋ፣ «የቤቱን ካርታ ነው የምትፈልገው። የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ» አለቻት። ዘመዷ ከንፈሯን መጠጠች። ወሬው ሻዩ ከሚዞርበት ትሪ ቀድሞ ሳሎኑን ዞረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሴትዮዋ የቤት ካርታ አልጠፋባትም። የጠፋባት አንድ የስም መጥሪያ መዝገብ ነው፤ መምህራን በየጠዋቱ የመጣና የቀረ ተማሪ የሚመዘግቡበት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ባሏ እሷን በሚመለከት አንድ ነገር ጽፎበታል። ምን እንደጻፈ ሳታውቅ ይህን ሐዘን እንዴት አድርጋ ትቀመጠው?

ሰፈሩ የመምህሩ ሚስት ይላታል። ባሏ ግን፣ እሱ ብቻ፣ አለቃ ይላት ነበር። እኛም አለቃ እንበላት፤ ለሐዘንተኛ ሹመት አይከለከልም።

መምህሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣው ባለፈው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ጠመኔ ኪሱ ከተተና የግቢውን በር ከፈተ። ከዚያ ቆመ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ካየ በኋላ ተመልሶ ገብቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። አለቃ አንጀቷ ተላወሰ። የተላወሰው ግን እስከ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ዕለት የክፍለ ጊዜ ድልድል ጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈባት።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ አትክልት። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ሬዲዮ ጥገና። አራት ሰዓት ላይ እረፍት፣ ከሻይ ጋር። ክፍለ ጊዜው በተለወጠ ቁጥር የድስት ክዳን በማንኪያ ይደወላል። ሬዲዮ ጥገና የተባለው ደህና ሲናገር የነበረውን ሬዲዮ ፈታትቶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ ሁለት ብሎን አትርፎ ዝም ማሰኘት ነው። በዚህ ዓይነት ሦስት ሬዲዮ ዝም አሰኝቷል።

«እኔ እኮ ያገባሁት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሰውዬ ነው» ትል ነበር አለቃ ለጎረቤቶቿ። «የቀኑን ሰውዬ ማን አምጡልኝ አለ?»

አትክልት የተባለው ደግሞ በአሥራ አንድ የቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ቲማቲም ነው። በየቆርቆሮው ላይ በአንድ ወቅት ያስቸገሩትን ተማሪዎች ቅጽል ስም ጽፏል። ጋዜጣ፣ እንቅልፍ፣ ምን ገዶኝ፣ እያለ ይቀጥላል። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ከቆርቆሮዎቹ ፊት አድርጎ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። ቲማቲም አፍ የለውምና መልሱ የሚመጣው ከወጥ ቤት ነው። አለቃ መጀመሪያ የመለሰችው ተናዳ፣ እንዲተዋት ብላ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ድምፅ መለዋወጥ ጀመረች። ለጋዜጣ በሹክሹክታ፣ ለእንቅልፍ እያዛጋች፣ ለምን ገዶኝ ሦስቴ ካስጠራች በኋላ። መምህሩ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አሥራ አንዱ ሲያልቅ፣ «ቁጥር አሥራ ሁለት፣ የክፍል አለቃ!» ይላል። «አቤት» ትላለች በራሷ ድምፅ። በዚያ ቤት ቀኑ የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ግን ዝም አለች። ምክንያቱ ድስት ነው።

የድስቱን ነገር ለቀስተኛው ሁሉ የሰማው ዛሬ፣ አለቃ ከአልጋው ሥር ወጥታ አቧራዋን ሳታራግፍ ነው። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሰው ስለበዛ ለሻይ ትልቅ ነገር ፈልገው፣ ከውጭ የቆመ አንድ ሰፊ ድስት አግኝተው፣ ምድጃ ላይ ጥደው ውሃ ሞሉበት። ውሃው በአምስት ቀዳዳ ወርዶ ምድጃውን አጠፋው፣ የአንዷን ጫማም አራሰው።

«ማነው የእግዜርን ድስት እንዲህ የበሳው?» አለች ጫማዋ የራሰው።

አለቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «መምህሩ» አለች።

ድስቱ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ የእናቷ ድስት ነው። መምህሩ መዝገቡ ላይ ቁጥር አሥራ ሦስት ለሚሆን አዲስ ችግኝ ቆርቆሮ ቢያጣ፣ በሚስማር በሳስቶ ጠበቃት። «ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል» አላት፣ ክፍል ፊት እንደቆመ ሰው ተረጋግቶ። ያን ጠዋት ስም ሲጠራ ከወጥ ቤት ድምፅ አልወጣም። አሥራ አንዱን ጠራ። ዝም። «ቁጥር አሥራ ሁለት፣ የክፍል አለቃ!» አለ። ዝም። «አለቃ» አለ ድጋሚ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰምታለች። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ሰምታለች። «እሺ፤ መዝገቡ ያውቃል» አለ።

አራት ሰዓት ሲሆን የሻይ ደወል አልተደወለም። «ጎሽ፣ እሱም አኮረፈ» አለች በሆዷ። አምስት ሰዓት ላይ ወጥታ ስታይ እወንበሩ ላይ ነበር፣ አንገቱን ወደ እንቅልፍ ቆርቆሮ ዘንበል አድርጎ። ልብ ነው አለ ሐኪሙ፤ ቅጽበት ነው አለ። ስንተኛው ቅጽበት እንደሆነ ግን ሊነግራት አልቻለም።

ዛሬ፣ በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ግዙፍ የአውቶቡስ ሾፌር መጣ። ለቅሶውን አልቅሶ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ቆመና አንዱን ቆርቆሮ አተኩሮ አየ።

«እማማ፣ ይሄ እኔ ነኝ» አላት አለቃን።

«የቱ?»

«እንቅልፍ። ተሳፋሪዎቼ ባይሰሙ ይሻላል።»

አለቃ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ መጣባት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሾፌሩ ከመምህሩ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አጫወታት። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካ ነበር። ትምህርት ቤት ሁሌ አርፍዶ ነው የሚደርሰው፤ ከደረሰም በኋላ ይተኛል።

«ሌላው መምህር ሁሉ በብዕር ቀሪ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀሪን በእርሳስ ነው የሚጽፉት። የመውጫ ደወል እስኪደወል በብዕር አያጸኑትም። ‹ዝናብ አለ፣ የእናት ሕመም አለ፣ ሰው በምን እንደሚዘገይ አይታወቅም› ይሉ ነበር። ስመጣ ላጲስ ይሰጡኝና በገዛ እጄ ያስጠፉኛል። ‹አርፍጄ ነው እንጂ አልቀረሁም› በል ይሉኛል። እላለሁ። ከዚያ ሄጄ እተኛለሁ።»

ሾፌሩ በሩን እንደወጣ አለቃ መዝገቡን ፍለጋ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ሥራቸውን ታይ ጀመር። እትዬ በመስኮት አየቻት።

«ቀብራዋለች ማለት ነው» አለች ለዘመዷ።

ከሰዓት በኋላ ወንበር መሰብሰብ ሲጀመር ጎረቤቱ ጸሐፊ ወደ አለቃ መጡ። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ነገር ካልጻፉ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሦስቱንም ቀን የግቢውን በር ይዘው ተቀምጠዋል። በብብታቸው ሰማያዊ መዝገብ አለ።

አለቃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ይሄን ከየት አመጡት?»

«በዚያን ዕለት ከወንበሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብላችሁ እንዳትቸገሩ የለቀስተኛውን ስም መዝግቤበታለሁ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ጀምሮት ኖሮ አሥራ ሁለት ስም ተጽፏል። እኔ ከአሥራ ሦስት ቀጠልኩ። እነዚህ የፊተኞቹ፣ ጋዜጣ ነው እንቅልፍ የተባሉት፣ ሦስቱንም ቀን ብቅ አላሉም። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? በቀይ ብዕር ቀሪ ብያቸዋለሁ።»

እትዬ ካርታው ተገኘ ብላ እየተጣደፈች ደረሰች።

«ደግሞ ይሄ አሥራ ሁለተኛው» አሉ ጸሐፊው ጣታቸውን እያስኬዱ። «አለቃ የሚባለው ሰውዬ። በመጀመሪያው ቀን በእርሳስ ኤክስ ተደርጎበታል። በእርሳስ የተጻፈ ነገር በሕግ ፊት አያስኬድም። ኋላ መጥቶ እንደሆነ ስላላወቅሁ አልነካሁትም።»

አለቃ መዝገቡን ተቀበለቻቸው። ኤክሱ በጣም ፈዛዛ ነው፤ እርሳሱ ወረቀቱን ብዙም አልተጫነውም። መምህሩ ቶሎ እንደሚጠፋ ተማምኖበታል። ወንበሩ ላይ፣ የእሱ ወንበር ላይ፣ ቁጭ አለች።

«ላጲስ ይኖርዎታል?»

ጸሐፊው ላጲስ ከደረት ኪሳቸው አይለያቸውም። ካወጡት በኋላ ግን አመነቱ። «የተጻፈ አይፋቅም እኮ። እኛ ዘንድ...»

«እናንተ ዘንድ ፍርድ ቤት ነው። ይሄ ክፍል ነው» አለች አለቃ። «ገና የመውጫው ደወልም አልተደወለም።»

ላጲሱን ሰጧት። ወረቀቱ እንዳይቀደድ በሌላ እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ፋቀችው። እንባዋ ሊያረጥበው ሲል መዝገቡን ዘወር አደረገችና ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «አርፍጄ ነው» አለች። ከፍ አድርጋ ደገመችው። «አርፍጄ ነው እንጂ አልቀረሁም።»

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አለች እትዬ። ካርታውን ረስታዋለች፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች።

አለቃ የጸሐፊውን ብዕር ተቀብላ በባዶው ቦታ ላይ ራይት አደረገች። ተነስታ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት ደጃፍ የጣሉትን የተበሳ ድስት አንስታ አመጣችና፣ ሦስት ቀን ውሃ ካላየው ቁጥር አሥራ ሦስት ችግኝ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብላ «አቤት» አለችና አፈር በእጇ እየዘገነች ድስቱን ትሞላ ጀመር።