የወለላ አምሮት

ይሄን ስጽፍ የእህቴ ባል ምናሴ ጓሮ ቁጢጥ ብሎ የልጁን የሽንት ጨርቅ እያጠበ ነው። ወለላ አርግዛለች ብሎ ነዋ። አላረገዘችም። የእርግዝና መመርመሪያዋ እኔ ቦርሳ ውስጥ ናት፣ የኬሚስትሪ ደብተሬ መሃል፣ አንዲት መስመር ብቻ። እዚህ ቤት የምናውቀው እኔና ወለላ ነን፣ አሁን ደግሞ እናንተ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጨካኞች ናቸው ትሉናላችሁ።

ወለላ ፋሲሎ ሰፈር ነው ቤቷ፣ እኔም ለትምህርት እሷ ጋ ነኝ። ልጇ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች፣ አንድ ዓመት ነው የቀራት። እስክትጨርስ ሌላ እንዳይመጣ ኪኒን ትውጣለች። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንኳ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አንድ ቀን አታልፋትም ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ምናሴ "ተይው እስኪ" አላት። "አልጋ ለይተን ምን ይሠራልሻል? ደግሞ አባቴ በጾም እንዲህ ያለ ኪኒን መዋጥ ነውር ነው ይላሉ።"

አባቱ ይፋግ ያሉ መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ ብለዋል ከተባለ ማን ይከራከራል? ተወችው። ጾሙ የተፈታ ማታ ካቆመችበት ቀጠለች። ዓመቱ ተለወጠ፣ ነጮቹ ኪኒኖች አለቁ፣ ቡናማዎቹም አለቁ፣ ደሟ ግን አልመጣም።

ምናሴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አንቺው ዘንግተሽ ነው። እንግዲህ ትምህርቱን ለዘንድሮ ተይው።" ፈገግ ብሎ። ያቺን ፈገግታ አይቻታለሁ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ኪኒኑን የምትሰጣት ሲስተር ፀሐይወርቅ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

"አቁመሽ ነበር?"

"ፍልሰታን ብቻ ነው፣ ሲስተር።"

"ውይ የኔ ጾመኛ። ስሚኝ፣ ይቺ ኪኒን ዘበኛ ናት። በየቀኑ ስትገባ እንቁላልሽ እንዳይወጣ ትይዘዋለች፤ የማኅፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽም ታወፍረዋለች፣ የወንዱ ዘር እንዳያልፍ። ዘበኛዋን ሁለት ሳምንት አሰናብተሽ በፍስኩ ማታ ብትጠሪያት በሩን ወዲያው አትዘጋልሽም። ሰባት ቀን ሳታቋርጪ መዋጥ ነበረብሽ፣ እስከዚያ ኮንዶም። ሥራውን የሚሠሩት ነጮቹ ናቸው፤ ቡናማዎቹ የብረት ናቸው፣ የመዋጥ ልማድሽ እንዳይቋረጥ ነው።"

"ማን ነገረኝ?"

"ባልሽ አልነገረሽም? ባለፈው፣ ጾሙ ሳይገባ፣ አብሮሽ መጥቶ፣ አንቺ ልጁን ልታጣጥቢ ስትወጪ 'ሁለት ሳምንት ብታቆመውስ?' ብሎ ጠየቀኝ እኮ። ልታረግዝ ትችላለች አልሁት።"

ወለላ የሽንት ብልቃጡን ተቀበለቻት። ተመረመረች። አንድ መስመር።

"አላረገዝሽም" አለች ሲስተር። "ጾሙ ከተፈታ አምስት ሳምንት አልፎታል፣ ቢኖር ይታይ ነበር። አቋርጠሽ ስለጀመርሽው ነው የተዛባብሽ። አዲሱን እሽግ ዛሬውኑ ጀምሪ።"

በሐይቁ ዳር በእግራችን ተመለስን። እኔ በደስታ ለመብረር ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ እሷ ታንኳዎቹን እያየች ትራመዳለች።

"ሔራን፣ እሱ ግን አለማርገዜን አያውቅም አይደል?"

"አያውቅም።"

"ሸንኮራ አማረኝ" አለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የነፍሰ ጡር አምሮት ከተከለከለ ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል ይባል የለ፣ ምናሴ ደግሞ ይሄን ነገር ከልቡ ነው የሚያምነው።

ቅዳሜ ጠዋት "የጢስ ዓባይ ሸንኮራ" አለችው።

"ገበያ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ?"

"የገበያው ይሸተኛል።"

ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። እሱ ጢስ ዓባይ ሲደርስ እኛ ኮሌጅ ሰልፍ ላይ ነን። ተመዘገበች። ወረቀቷም ያው የኬሚስትሪ ደብተሬ ውስጥ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስት ሸንኮራ ተሸክሞ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ መጣ። አሸተተችው።

"እፍ፣ አሁንስ አስጠላኝ። አውጣልኝ።"

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ኩሽና ገብቼ ነጠላዬን ነከስሁ። ከዚያ የሽንት ጨርቅ ሽታ ያስመልሰኛል አለችው፣ ሽንኩርትም፣ ብረት ድስትም። ሁሉን ለሱ ተወችለት። ከሁሉ ግን ደስ የሚለኝ ምን መሰላችሁ፣ ኪኒኑን ከእሽጉ አውጥታ ቫይታሚን ነው ብላዋለች፤ ማታ ሁለት ሰዓት የስልኬ ማንቂያ ሲጮኽ ውኃውን ቀድቶ የሚያመጣላት ራሱ ነው። "ቫይታሚንሽን ዋጪ፣ እንዳትረሺ" ይላታል።

ቆይ፣ መጣ።

እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ። ጣቶቹ በሳሙና ተኮማትረዋል፣ ትንሽ አሳዘነኝ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል።

"ወለላ፣ ለአባቴ ደውዬ ላብስራቸው? ደስታውን አይችሉትም።"

እሷ ልጁን እንዳቀፈች ቀና አለች። "ደውልላቸው። እሑድ ይምጡ በላቸው። ስለ ጾምና ስለ ኪኒን ብለዋል ያልኸውን እጠይቃቸዋለሁ፣ አንተም ባለህበት።"

ስልኩን አውጥቶ ነበር። አውራ ጣቱ ላዩ ላይ ቀረች። እኔን አየኝ።

"ምን ልትጠይቃቸው ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ" አልሁት፣ ማር በመሰለ ድምፅ፤ ደብተሬንም ደረቴ ላይ ለጠፍሁ።

እስካሁን እንደ ቆመ ነው። ወለላ በዓይኗ "ያንቺ ፋንታ" አለችኝ። አሁን መስመሯን አውጥቼ ላሳየው፣ ወይስ መሪጌታ እስኪመጡ ሸንኮራ ያመላልስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?