የተተከለና የበቀለ

ጥር 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ ባስልዮስ የአጎቴን አካባቢ የከርቤ ዛፎች ልጥ በቢላ ሰነጠቀ። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ባስልዮስ ነገሌ ተወልዶ ነገሌ ያደገ ነው። አባቱ ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር መጥተው እዚሁ ኖሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ እሱ ብቻ ቀረ። "ረግጬው የማላውቀውን አገር መመለስ ይባላል እንዴ?" ይለኝ ነበር።

ከክሊኒክ ሥራው ሲመለስ አባቱ ግቢ ውስጥ ከተከሏቸው ባሕር ዛፎች ዘይት ያወጣ ነበር። ቅጠሉን በበርሜል ያፈላል፤ እንፋሎቱ በመዳብ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አልፎ ጠብ ጠብ ይላል። ጎረቤታችን ወንዶሰን በአጥር በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ሄራን፣ የጴንጤ አረቄ አልደረሰም?" እያለ ያበሽቀኛል። ወሬውን የሰሙ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እውነት መስሏቸው አንድ ቀን መጡ። ባስልዮስ ጠርሙሱን ከፍቶ አፍንጫቸው ሥር ያዘላቸው። አንደኛው ጉልበታቸውን አሽተውበት ሄዱ።

ሉሲ የምትባል የዘይት ነጋዴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው።

"ጥሩ ዘይት ነው፤ ግን ደንበኞቼ የሚፈልጉት አገር በቀል ነው" አለችው።

"እዚሁ እኮ ነው የበቀለው። አባቴ ናቸው የተከሉት።"

"አየህ፣ ተከሉት አልክ። የአካባቢ ምርት በለው። አገር በቀል ማለት ማንም ሳይተክለው የነበረ ነው።"

ያን ቀን ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። "አጎትሽ ዘንድ ውሰጂኝ" አለኝ።

አጎቴ አረሮ ከነገሌ በታች ቆላው ውስጥ ይኖራሉ። እዚያ ከርቤ የሚለቅሙት ከመንደሩ የጋራ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ቤተሰቦች ሴቶች ናቸው። ዛፉ ራሱ ያነባውን ሙጫ ይለቅማሉ እንጂ ቆርጦ የሚያደማው የለም። አጎቴ ለባስልዮስ እንዲለቅም ፈቀዱለት። ስንዞር ውለን ያገኘነው አንድ ጣሳ አይሞላም። ያኔ ነው ቢላውን ያወጣው።

አመሻሹ ላይ አጎቴ መጥተው ቁስሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄን ማን አስተማረህ?"

"በሰሜን እንዲህ ነው የሚደረገው፣ አባባ። አንብቤያለሁ።"

"ሰሜን ሄደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ?" አሉት። 

በማግስቱ ጉድጓዱንም ዛፎቹንም የሚዳኙት ሽማግሌዎች ለፍርድ ተቀመጡ። ባስልዮስ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ዝናብ ይጠበቅ አሉ። የተቆረጡት አሥራ አንድ ዛፎች ካቆጠቆጡ መጥቶ እንደ እኛው ይልቀም፤ ከደረቁ ግን ዳግመኛ እዚህ አይምጣ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሉሲ አንስቶ አያውቅም። ከሥራ ሲገባ ደቡቡን ሰማይ እያየ ቆሞ ይቀራል። "ከቆላ የመጣ ሰው ካለ ጠይቂልኝ፣ ደመና አለ ወይ በይ" ይለኛል። የካቲት ማለቂያ ላይ ወባ ያዘው። ስንቱን ሰው ያከመበት ክሊኒክ ውስጥ ተኝቶም የሚጠይቀው ስለ ደመና ነበር። መጋቢት 4 ቀን አረፈ። ሰማዩ ያን ቀን ጥርት ያለ ነበር።

የሥራ ጃኬቱን አላጠብኩትም። አንገትጌው ላይ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበረው፤ ከሥሩ ደግሞ የእሱ። መጀመሪያ የጠፋው የእሱ ነው። ያን ቀን ዛፎቹ ሥር ዝም ያልኩት እሱን አክብሬ አልነበረም፤ ጣሳው እንዲሞላ እኔም ፈልጌ ነው። ያኔ "ተው" ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ወር ሰማይ ሰማይ ሲያይ ባልከረመ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ ባዞረ ነበር።

ዝናቡ መጋቢት 26 ጀመረ። ሚያዝያ ሲያልቅ አጎቴ መጡ። "አካም፣ ናጋ?" ብለው ገቡና ሳይቀመጡ፣ "ልጄ፣ አሥራ አንዱም አቆጥቁጠዋል" አሉኝ።  "ሽማግሌዎቹ ይምጣ ብለዋል።"

መሞቱን ያውቃሉ፤ አፈሩን አብረው አልብሰዋል። ግን የተላኩት መልእክት ነውና ሳያደርሱት መሄድ አልሆነላቸውም።

"እሺ አባባ" አልኩ።

በሚቀጥለው በጋ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር ለቀምኩ። በርሜሉ እስኪበሳ ስድስት ዓመት ከርቤ አፈላሁበት።