ስፖኪዮው የማያየው ቦታ

ተጣሟል፣ የተሳቢው መጎተቻ ቀለበት ወደ ግራ ተጣሟል፣ እንዲህ ሆኖ አይገባለትም፣ ልጁ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከየት ያያል፣ እኔ ልያዝለት እንጂ፣ ሞፈር ነው፣ ብረት ይሁን እንጂ ሞፈር ነው፣ በሬው ወደ ኋላ ሲል ሰው መሃል ገብቶ ሞፈሩን ያቃናል፣ አባቴም እንዲሁ፣ እኔም እንዲሁ፣ ሌላ ምን ጥበብ አለው። ከብዷል። ቀና በል።

ፋሩቅ ትናንት ጭቃው ዳገቱን ቢከለክለው ተሳቢውን ከነማዳበሪያው እዚህ መካነ ሰላም መውጫ ላይ ፈትቶ መኪናውን ብቻ ወግዲ አድርሶ መጣ፣ አሁን መልሶ ሊቀጥለው ነው፣ አባ፣ እዚያ ጥግ ይቁሙ አለኝ፣ ጥግ፣ እንደ እንግዳ፣ ከሳውዲ ከተመለሰ ወዲህ ቤት ሲገባ የሚያየው ስልኩን ነው፣ ኡምኩልሱም ልጅህን አናግረው ትለኛለች፣ ምን ብዬ፣ እናቱ አይደለሽ፣ አንቺ አናግሪው።

ይመጣል። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ጢሱ ዓይኔን፣ ቀለበቱን የሚጎርሰው የኋላው ብረት መንጋጋውን ከፍቶ ደረቴ ትይዩ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ፣ አሁን ልውጣ፣ ጋቢዬ፣ ጋቢዬን ምን ያዘው፣ የፍሬኑ ቱቦ የሚንጠለጠልበት ሜንጦ፣ ልቀቅ፣ ከኋላዬ ተሳቢው በታኮ ቆሟል፣ ከፊቴ መኪናው፣ ጩህ ሙሐሲን፣ ጮኼ አላውቅም፣ ጋቢውን ጣለው፣ ያ አላህ፣ ጩህ እንጂ፣ አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም

ቁም! ቁም አንተ ልጅ!

አራጌ ነው፣ ጎረቤቴ፣ የመኪናውን ጎን በዱላው ይደበድበዋል፣ ፍሬኑ ተነፈሰ፣ ብረቱ ደረቴን ነክቶ ቆመ። ነክቶ። ቅዝቃዜው በሸሚዜ ዘልቆ ይገባል።

ፋሩቅ ዘሎ ይወርዳል፣ ፊቱ አመድ፣ አባ ምን ሊያደርጉ ገቡ፣ ማን ግቡ አለዎት፣ ይጮህብኛል፣ በሰው ፊት፣ አራጌ ደግሞ፣ ሙሐሲን፣ በሬ የጠመድክ መሰለህ እንዴ፣ ይሄኮ ጅራፍ አይሰማም፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ አልስቅም፣ ያሳደግሁት ልጅ ይጮህብኛል፣ በጥፊ ልለው እጄ ተነስቷል፣ የሱን እጅ አየሁት። ጋቢዬን ከሜንጦው ሊያላቅቅ ይታገላል፣ ጣቶቹ ክሩን መያዝ አቅቷቸዋል።

እጄን መለስኩ።

ይስሙኝ አባ፣ ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከተጣመመ መኪናውን አቁሜ እኔው ወርጄ አቃናዋለሁ፣ መኪናው እየሄደ ሰው መሃል አይገባም፣ እዚያ ሆነው አላየዎትም፣ ስፖኪዮው የሚያይዎት ቦታ ይቁሙ፣ ፊትዎ ካልታየኝ አልንቀሳቀስም፣ ወላሂ አልንቀሳቀስም፣ እጅዎን ሲያነሱ እመጣለሁ፣ ሲያወርዱ እቆማለሁ።

ቀለበቱን ራሱ ያቃናል፣ ከስሩ ድንጋይ ይደግፍበታል፣ ታኮዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርግና ጋቢና ይወጣል።

ቆሜያለሁ። ባለኝ ቦታ፣ በመንገዱ ጠርዝ። ሞተሩ ያጓራል፣ ያ ሁሉ ብረት ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይመጣም፣ ምን ይጠብቃል። እኔን። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑ አለ፣ ዓይኔ ላይ ተክሎታል፣ አይነቅለውም፣ ከመጣ ወዲህ እንዲህ አይቶኝ ያውቃል፣ ከዚያ በፊትስ፣ እኔስ እሱን። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፣ ትልቅ ጠባሳ፣ ሲሄድ አልነበረውም፣ ምን አገኘው፣ ማን መታው፣ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝ። አራጌ ይጣራል፣ በል እንጂ ሙሐሲን፣ ልጁን አታቁመው፣ ሳይመሽበት ወግዲ ይግባ፣ አንተን ማን ጠየቀህ አራጌ፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ አነሳለሁ፣ አሁን አነሳለሁ፣ ትንሽ ይየኝ