በቀኙ የሚመራው ፈረስ

ዳልሲ ፔቲፈር ከመኪናው የወረደችው ደሟ ፈልቶ ነው። ልጇ ራሊን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትነዳ ስታሾፍባት ነው የመጣችው። "እማዬ፣ ዛሬ እንግዲህ የዚያ ወሬሽ ጉድ ይወጣል!" ትላታለች፣ በአንድ እጇ የስጋ ፓይዋን እየገመጠች።

ወሬ የምትለው የእናቷን ወጣትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የካራንቢን ዋንጫ የበላውን ፈረስ፣ ሳልትቡሽን ያበላችው፣ ያሸችው፣ በዋንጫው ቀንም ልጓሙን ይዛ ወደ ሜዳው ያስገባችው ዳልሲ ናት። ይህን ስትናገር ሃምሳ ዓመት አለፋት፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም፣ የገዛ ልጇ እንኳ። የፈረስ እሽቅድምድም ሙዚየሙ የሳልትቡሽን ፎቶ አውጥቷል ሲባል ሰማችና "ነይ፣ በዓይንሽ እይ" ብላ ራሊንን ጎትታ አመጣቻት።

ፎቶው ከሙዚየሙ አዳራሽ መሀል ተንጠልጥሏል፤ ሰው የሚያህል፣ ከፊትም ከኋላም በሚያሳይ ጥርት ባለ መስታወት ላይ የታተመ። ዳማው ሳልትቡሽ ቆሟል፤ ቆቡን ዓይኑ ድረስ የደፋ ባልደራስ ልጓሙን ጨብጧል። ከሥሩ "ሳልትቡሽ፣ ስሙ ካልታወቀ የበረት ልጅ ጋር" ይላል።

"የበረት ልጅ?" አለች ዳልሲ። ሰው ሁሉ ዞረ። ያኔ ክለቡ ሴት ወደ ፈረሶቹ ግቢ ድርሽ እንዳትል ስለከለከለ የወንድሟን ኮት ለብሳ፣ ፀጉሯን በቆብ ሸሽጋ ነበር የገባችው። አሁን ደግሞ ወንድ አድርገው ሰቀሏት። ቀና ብላ ፈረሱን ስታየው ይባስ ተንጨረጨረች።

የሙዚየሙ አስጎብኚ ኪት እየተጣደፈ መጣ። "ምን ልርዳዎት እናቴ?"

"እናትህስ ብሆን ኖሮ ፈረስ ማየት አስተምርህ ነበር! ግራ ቀኙን ገልብጣችሁታል።"

"ኧረ በፍጹም! የተገለበጠውማ የድሮው ነበር፤ ባልደራሱ በፈረሱ ቀኝ ቆሞ ነበር የሚታየው። ፈረስ በግራ በኩል እንደሚመራ ማን የማያውቅ አለ? እኔ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።"

"አበላሸኸው በለኝ! ሳልትቡሽ ውርንጭላ ሳለ በግራ ጎኑ ተገርፎ፣ በዚያ በኩል ሰው ከቀረበው ያብዳል። በቀኙ ነበር የምመራው። እኔ!" ግራ እጇን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ትንሿ ጣቷ ግማሽ ናት። "እሱ ነው የነከሰኝ። ፎቶው ላይም ቆራጣ ናት፣ እያት።"

ኪት ጎንበስ ብሎ ፎቶውን አየ፤ እጇን አየ። "እርግጥ የልጁም ጣት ቆራጣ ናት" አለ በትዕግሥት። "ግን የእሱ ቀኝ እጅ ነው፤ የእርስዎ ግራ ነው።"

ራሊን ሳቋ አመለጣት። "በቃ እማዬ፣ አታዋርጂን። ነይ ሻይ ልጋብዝሽ።"

ኪት ምንም ቢል ግድ አልነበራትም፤ የማያውቃት ሰው ነው። ያ ሳቅ ግን አንጀቷን አሳረራት። መስታወቱን ዞራ ከጀርባው ቆመች። ከዚያ በኩል ሳልትቡሽ እሷ እንደምታውቀው ነው፤ ባልደራሱ በቀኙ፣ ልጓሙም በግራ እጅ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በዚህም ተናደደች። ግራ እጇን ልጓም እንደያዘ ሰው ጨብጣ በፎቶው እጅ ላይ አሳረፈችው።

ራሊን ከፊት ለፊት ቆማ አየች። የእናቷ እጅ በፎቶው እጅ ላይ ገጠመ፤ ቆራጣዋም ጣት በቆራጣዋ ላይ።

"ወይኔ እማዬ" አለች። "እውነትሽን ኖሯል።"

"ስሜን ጻፍ" አለች ዳልሲ ወደ ኪት። "ከዚያ በፊት ግን ፈረሱን መልሰው። በሚፈራበት ጎኑ ሰው አቁመህበታል።" ኪት ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀት ይፈልግ ጀመር።

ራሊን ልታቅፋት ወደ መስታወቱ ጀርባ መጣች። ዳልሲ የልጇን እጅ ገፋ አደረገችው።

"ሃምሳ ዓመት ስነግርሽ ሳቅሽ። አሁንም ያመንሽው መስታወቱን ነው እንጂ እኔን አይደለም።"

 መኪናው ጋ ሲደርሱ ራሊን እንደ ሁልጊዜው የፊቱን በር ከፈተችላት። ዳልሲ አልፋው ሄደችና ከኋላ ተቀመጠች።