አራት ካስማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አንድ ሰው ለመተኛት ስንት ስንዝር ቦታ ይበቃዋል? አትቸኩሉ። ቁመቱን ማንም ያውቀዋል፤ የምጠይቀው ጎኑን ነው። ድንኳን ሰፊዎች መልሱን ካገኙት ቆይተዋል። «የአንድ ሰው» ብለው የጻፉበት ወርዱ አራት ስንዝር ነው፤ «የሁለት ሰው» ያሉት ደግሞ ስድስት። ሂሳቡን ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ሰው ሲመጣ እንደ ግማሽ ሰው ነው የሚቆጠረው።

በዚህ ሂሳብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በአንድ የተራራ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚሟገተው ሰውዬ የሚዛን መርማሪ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሥጋ ሻጩን፣ የእህል ነጋዴውንና የወርቅ ሠሪውን ሚዛን ሲፈትሽ፣ ያጭበረበረውን በቀይ ማኅተም ሲያሽግ ኖሯል። ገበያው ሁሉ «ጋሽ ግራም» ነው የሚለው፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ሲል ደግሞ በሌላ ድምፅ። ከሐሙስ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ ውጪ ያነጋገረው ሰው ቢኖር ይህች ሻጭ ነበረች፤ እሷንም እየተጣላት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሰፋሁትም» አለች ሻጯ፣ መሰላል ላይ እንደቆመች። «እኔ የምሸጥ ነኝ።»

«ሥጋ ሻጩም እንደዚሁ ነው የሚለኝ። ‹በሬውን እኔ አልወለድኩት!› ይለኛል።»

ሻጯ መሰላሉን ይዛ ሳቀች። «እሺ፣ ለስንት ሰው ነው የሚፈልጉት?»

ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ የፈራው ይህንን ጥያቄ ነበር። «ለአንድ» አለ።

«ብቻዎን ሊወጡ?»

«የጠየቅሁሽ ድንኳን ነው ወይስ ሞግዚት?»

«ኧረ አይቆጡ! ሞግዚት የለንም፣ አልቋል።»

መጀመሪያ ያወረደችለት ሲያነሱት እንደ ሻሽ የሚቀል ነበር። ጋሽ ግራም ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ መለሰላት። ነጠላ ጨርቅ ነው፤ ብርድ ላይ የተኛ ሰው ትንፋሹ ጨርቁን ነክቶ ውሃ ይሆንና ተመልሶ በራሱ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። «ደመናውን ሸሽቼ የራሴ ትንፋሽ ሊያዘንብብኝ?» አላት። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፣ ግን ሦስት ኪሎ። ሦስት ኪሎ ሱቅ ውስጥ ሦስት ኪሎ ነው፤ ከስድስት ሰዓት ዳገት በኋላ ግን ልጅ አዝሎ እንደ መውጣት ነው፤ ያውም የሚያለቅስ ልጅ።

ሦስተኛውን ግን ጠጋ ብሎ አየው። ውስጡ ስስ መረብ፣ ላዩ እስከ መሬት የሚወርድ የዝናብ ሸራ፣ ሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ስፌቱ ከውስጥ በጥብጣብ የታሸገ። ዚፑን አርባ ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጎበጠና ለቀቀው፤ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ከሻጯ የውሃ ጠርሙስ ተቀብሎ ስፌቱ ላይ አንቆረቆረና መሐረቡን ከሥር ይዞ ጠበቀ። መሐረቡ ደረቅ ነበር። መለያው ላይ «1 ኪሎ ከ100 ግራም» የሚል ተጽፏል።

«ይግቡና ይሞክሩት እንግዲህ። ወለሉን ካጠቡልኝ አይቀር» አለችው።

ሱቁ መሃል ዘርግታለት ገባ፤ ተጋደመ። ርዝመቱ ልኩ ነበር። ከውጭ ሻጯ ከሌላ ደንበኛ ጋር ስለ ጫማ ስታወራ ይሰማል፤ ድምፁ ግን ከሌላ ሰፈር የሚመጣ መሰለው። ያን ጊዜ ግራ እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ጎን ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው ነገር ነው፤ ተራራ ላይ ነቃ ባለ ቁጥር የታናሽ ወንድሙን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ መኖሩን አረጋግጦ ነበር ተመልሶ የሚተኛው። እጁ ናይለን አገኘ።

«ተመቸዎት?» አለች ሻጯ ከውጭ።

«ሲመዘን ይታያል» አለ ከውስጥ። ሻጯ ሦስት ቀን ሰጠችው፤ ካልወደደው ይመልሳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ታናሽየው አናጢ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አንዲት የሁለት ሰው ድንኳን ነበረቻቸው፤ ሸክሟን ይካፈሏታል። ጨርቁን ታላቅ ይሸከማል፤ ዘንጎቹንና ካስማዎቹን ታናሽ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ጋሽ ግራም ከአባታቸው በወረሰው የነሐስ ሚዛን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የማይመዝነው ነገር አልነበረም፤ ማንኪያውን፣ ሳሙናውን፣ ካስማውን። ታናሽየው በር ላይ ተደግፎ «ነፍሳችንንም መዝናት እንጂ፣ ምናልባት የሚቀነስ ነገር ይኖራት ይሆናል» እያለ ያፌዝበታል። ሕጋቸው አንዲት ነበረች፦ የመዘነ ያስራል፤ የተሸከመ አይፈታም። የካስማው ከረጢት አፉ በታላቅ እጅ ይታሰራል፤ ታናሽ ሳይከፍት ይሸከመዋል፤ የሚፈታው ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ሲደረስ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከተራራ ተጓዦች ማኅበር ጋር ወጡ። ከቀትር በኋላ ነፋሻ አፋፍ ላይ ደርሰው ታናሽየው ከረጢቱን ሲፈታ፣ ከአሥራ ስድስቱ ካስማ አሥራ ሁለቱ ብቻ ተገኙ።

«አራቱን የት ጣልካቸው?»

«እኔ አልፈታሁትም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ እግር አውጥተው ሄዱ?»

በአንዱ ጎን ድንጋይ ጭነው ተከሏት። ነፋሱ መጣ። ድንጋዩን አንከባሎ ድንኳኗን እንደ ጃንጥላ ገለበጣት። ጨርቁ ወደ ገደሉ ሲበር ታናሽየው ተከትሎ ሮጠ፤ ጨርቁንም ያዘው፣ ቁርጭምጭሚቱም ተሰበረ። በቃሬዛ ወረደ።

ወንድም በቃሬዛ ሲወርድ ታላቅ ምን ያደርጋል? ያለቅሳል ትሉ ይሆናል። ጋሽ ግራም ተቆጣ። ቁጣ ከፍርሃት የቀለለ ሸክም ነው፤ የሚዛን መርማሪም ሲጨንቀው ቀላሉን ያነሣል። ከተራራው እንደ ወረደ በማኅበሩ አዳራሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም ጽፎ ለጠፈ፦ «አራት ካስማ ጥሎ ‹አልፈታሁም› የሚል ወንድሜ ከእንግዲህ ተራራ አይውጣ። መልስ ካለው ከዚህ ሥር ይጻፍ።» በማኅበሩ ልማድ የተለጠፈ ወረቀት አይቀደድም፤ መልስ ያለው እዚያው ሥር ይጽፋል፤ ሲያረጅ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ታናሽየው በክራንች መጣ። ሰው ሁሉ እያየው አነበበ። አንድ ፊደል ሳይጽፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ታላቅ ቤት፣ ዘንጎቹ ታናሽ ቤት። በግማሽ ድንኳን የሚሠራ ነገር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ግራም አዲሱን ድንኳን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የሰው ቤት ሳይሆን የመሣሪያ መደርደሪያ ይመስላል። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ የጋዜጣ ቁልል። በወሩ መጨረሻ ማኅበሩ ወደ ተራራው ትልቁ ጫፍ ይወጣል። እሱ ሦስት ዓመት ከተራራ ርቋል፤ ዘንድሮም ከቀረ ጉልበቱ ዳግመኛ እሺ እንደማይለው ያውቃል።

«ብቻዬን ብወጣስ ምን እሆናለሁ?» አለ። ጋዜጦቹን ነበር የጠየቀው።

መለያውን በማጉያ መነጽር አነበበ። ከታች፣ ከጉንዳን እግር በቀጠነ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ክብደቱ ካስማን አይጨምርም።»

ካስማ የሌለው ድንኳን ምንድን ነው? ነፋስ የሚጫወትበት ጨርቅ ነው! በግ ያለ እግሩ መዝነው «ቀላል በግ» ብለው ይሽጡ እንጂ! ወረቀት ሳበና ለፋብሪካው መጻፍ ጀመረ፦ «ካስማ ቀንሳችሁ ድንኳን ቀለለ የምትሉ ሰዎች፣ ነፋስ ተነሥቶ ሰው ቢሰበር ተጠያቂው ማነው? በአደባባይ መልሱ!» ጥሩ ደብዳቤ ነበር። የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በስንት ግራም እንደዋሹ። ለዚህ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል።

የአባቱ ሚዛን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ታናሽ ወንድሙ በሠራለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። ከዚያ ጉዞ ወዲህ አልወረደም፤ ለብቻው ምን የሚመዝነው ነበረውና? ጠረጴዛው ላይ አውርዶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ክዳኑን አነሣ። ክዳኑ ውስጥ በአናጢ እርሳስ የተጻፈው አልደበዘዘም፦ «ለወንድም ጋሼ፣ ምንም እንዳይጠፋበት።»

በግራው የሚዛን ሳህን ላይ አራት ካስማ ተኝቷል።

ቆጠራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመቁጠር የኖረ ሰው አራትን ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ሁሉም እንደ ትናንት መጣለት። ካስማዎቹን አራት አራት እያደረገ ነበር የሚመዝናቸው። ሦስቱን ዙር ወደ ከረጢቱ መልሷል፤ አራተኛው ዙር ሳህኑ ላይ እያለ ታናሽየው ከደጅ «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፣ ወንድም ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። ክዳኑን ዘግቶ ሣጥኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለ። ከረጢቱን በገዛ እጁ፣ እንዳይፈታ አድርጎ፣ አሰረ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ጋዜጦቹ ላይ ተቀመጠ። የጀመረውን ደብዳቤ ወደ ራሱ ሳበ። ካስማ ቀንሳችሁ። ሰው ቢሰበር። ተጠያቂው ማነው። ፋብሪካው በጉንዳን ፊደልም ቢሆን አምኗል። እሱ ግን አላመነም፤ ያውም በትልልቅ ፊደል፣ በጥቁር ቀለም፣ የራሱን ጥፋት በወንድሙ ጫንቃ ላይ ነው ያሰረው። የተሸከመውም ሳይፈታ ሦስት ዓመት ተሸከመለት።

በማግስቱ ድንኳኑን አጣጥፎ ወደ ሱቁ ወሰደው።

«ጠበበዎት አይደል?» አለች ሻጯ።

«አይ። ሰፋኝ።»

«አራት ስንዝሩ?»

«አዎ።»

ለመቀለድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ሲመዘንስ ስንት ግራም ሆነ?» አለችው ቀስ ብላ።

«አልመዘንኩትም። የድሮ ካስማ ስቆጥር መሸብኝ።»

ከዚያ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄደ። ጸሐፊዋ በጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የማኅበሩን ግማሽ አባላት ወደዚህ ዓለም የጎተቷቸው እሳቸው ስለሆኑ ማንንም አይፈሩም።

«እትዬ፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ወረቀቴን ያውጡልኝ።»

«ልትቀደው ከሆነ አላወጣም።»

«ልመልስበት ነው።»

«የሚመልስ የተከሰሰው ነው። አንተ ከሳሽ አይደለህ እንዴ?»

«ተከሳሹም እኔው ሆኜ ተገኘሁ» አለና አራቱን ካስማ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። «ሚዛኔ ውስጥ ነበሩ።»

አዋላጇ ካስማዎቹን፣ ከዚያ እሱን አዩ። «ሦስት ዓመት! እኔ እንኳ እንዲህ የቆየ ምጥ አይቼ አላውቅም።» መዝገቡን አውጥተው ገጽ ገለጡ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ከጽሑፉ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ግን እንደ ነበረ ነው።

«የወንድምህ ቤት እኮ ሁለት መንገድ ማዶ ነው» አሉት። «ሄደህ ብትነግረው ምን አለ? እሑድ እሑድ ከሰዓት እዚህ ብቅ ይላል፤ ይህን ሰሌዳ ቆሞ አይቶ ይሄዳል። እግሩስ ድኗል፤ ሌላው ነው ያልዳነ።»

«እዚያም እሄዳለሁ። የሰደብኩት ግን እዚህ ነው። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ሌብነት ነው፣ እትዬ። ስሙን ሰባ ሰው ፊት ወስጄ፣ ማንም በማያይበት ልመልስለት?»

«ባይመልስልህስ?»

ብዕሩን ተቀበለና ቆሞ ጻፈ። አዋላጇ ወረቀቱን ሰሌዳው መሃል ለጠፉት። እሱም አራቱን ካስማ በክር አስሮ ከጎኑ ሚስማር ላይ ሰቀላቸው፤ ከአዳራሹ በር ድረስ ይታያሉ። ከድሮው ጽሑፍ ሥር እንዲህ ይላል፦

«ከላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው። እንዳይቀደድ፤ ከነሐሰቱ ይነበብ። አራቱን ካስማ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ‹አልፈታሁትም› ያለው እውነት ነበር። የተሰበረው በእኔ ስህተት ነው፤ የተሰደበው ደግሞ በእኔ ብዕር።

ወንድሜ፣ ጨርቁ እኔ ጋ ነው። ዘንጎቹና አሥራ ሁለቱ ካስማ አንተ ጋ ናቸው። የቀሩት አራቱ እዚህ ተሰቅለዋል። በወሩ መጨረሻ ወደ ትልቁ ጫፍ ይወጣል፤ አሁን አንተ መዝን፣ አንተ እሰር፣ እኔ ሳልፈታ እሸከማለሁ። ዝምታህን ሦስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ልክ ነበርክ፤ ነገር ግን ይብቃህ። ትወጣለህ ወይስ አትወጣም? ልስደብህ ብትል ስደበኝ፣ እምቢ ብትልም እምቢ በል፤ በጓዳ ግን አይሁን። እዚሁ፣ ከዚህ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በጥቁር ቀለም መልስ ስጠኝ!»