ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ

ዳዲ ሥራ ይወድ ነበር ቢባል ውሸት ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ «ተኝታችሁም ገንዘብ ይግባላችሁ» እያለ ሲሰብክ ሰማና ልቡ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ኪራይ ሆነ። አባቱ ትተውት የሞቱት ግቢ ሰፊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ያመጣል። ችግሩ የቤቱ ካርታ በእናቱ በቦጋለች ስም መሆኑ ነበር። ባንክ ደግሞ ለአሮጊት አያበድርም።

«ሀርሜ፣ በስሜ አዙሪልኝ» አላት። «አንቺም ተከብረሽ ትኖሪያለሽ።»

ቦጋለች ሞኝ አልነበረችም። እናት ግን ነበረች፤ እናትነት ደግሞ ከሞኝነት ብዙ አይርቅም። ካርታውን አዞረችለት፣ አንድ ነገር ብቻ አስምላው።

«ከውጭ በሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን ሜዳ እንዳትነካ። ስሞት ድንኳኔ የሚተከለው እዚያ ነው።»

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብሎ ማለ።

ይህች ሴት ሌላ ምኞት አልነበራትም። ሙሽራ ሆና ከመጣች ጀምሮ ከእድሩ ቀርታ አታውቅም፤ ለሰው ልቅሶ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው ያረጀችው። ባሏም የተለቀሰላቸው በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ከደጃቸው ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ ቀን ከሌት መኪና አያጣውም። «መንገድ ዳር የሚለቀስለት ቤት የሌለው ሰው ነው» ትል ነበር።

ዳዲ የጓሮውን ጌሾና አቮካዶ አስቆርጦ ክፍሎቹን በሰልፍ ሠራ። ተከራይ ሞላ። መሥሪያ ቤቱን ለቀቀና እስከ ረፋድ ይተኛ ጀመር። የሰው ዓይን ግን መች ይጠግባል? አንድ ጠዋት ቦጋለች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የቀን ሠራተኞች ሜዳዋ ላይ መሠረት ሲቆፍሩ አገኘች።

«የአባትህ አጥንትስ?» አለችው።

«አባዬም ቢኖር ይሠራው ነበር። ደግሞ ደህና ነሽ እኮ ሀርሜ፣ ሟርት ምን ያደርግልሻል?»

እያለቀሰች የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሌታ ዘንድ ሄደች። ኦቦ ሌታ ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መሠረቱን ዞረው አዩ፣ ስፋቱን በምርኩዛቸው ለኩ።

«አዴ ቦጋለች» አሉ በመጨረሻ፣ «የተጀመረ ቤት አይፈርስም። ልጅ ሲያድግ እንመርቃለን እንጂ እግሩን አንይዝም።»

ከዚያ ዳዲን ለብቻው ጠርተው ሲያንሾካሹኩ ቆዩ። ምን እንደተነጋገሩ የገባት ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጋሪ መጣና የእድሩን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት አራገፈ። እድሩ ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራይቶት ነበር። ድንኳኗ ሊተከል በሚገባው ቦታ ላይ ድንኳን ተቆለፈበት። ከግቢው ብዙም ስለማትርቅ ቁልፉን ለእሷ ሰጧት፤ «አደራ» አሏት።

ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ከፈተች። ይህን ማድረግ ያቃታት ከመንገዱ ማዶ ያሉት አቶ ሥዩም የሞቱ ዕለት ነው። ወጣቶች ድንኳን ሊወስዱ ሲመጡ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ በሩን ተደግፋ ቆመች። ንዴቷ ዓይኗን ጋርዶት ነበር።

«ኦቦ ሌታ ይምጡ። እኔ ስሞት ይህ ቤት እንደሚፈርስ በሰው ፊት ይማሉልኝ፤ ያን ጊዜ እከፍታለሁ።»

«ማሎ፣ እባክሽ አዴ! ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም፤ ዝናቡም መጣ!»

ዝናቡ መጣ። ማዶ፣ የሟቹ ሚስት እንግዳወርቅ ከለቀስተኛው ጋር ደጅ ላይ በሰበሰች። ቦጋለች አይታታለች፤ ግን ዛሬ ካልማሉላት መቼም እንደማይምሉላት ታውቃለች። ኦቦ ሌታ መጡ። አልተቆጡም፣ አልማሉም። ከኪሳቸው ሌላ ቁልፍ አወጡ።

«ዳዲ ትርፉን ቁልፍ ሰጥቶኛል» አሉና በክንዷ ይዘው ገለል አደረጓት።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ልቅሶ ያሰናከለ አባል ይሰረዛል፣ ሲሞትም ድንኳን አይወጣለትም። ቦጋለች አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ወጥ የሠራችላቸው፣ እንባቸውን የጠረገችላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እንኳ ይቅር ይላል ብላ ነበር። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ማቅ የለበሰችው እንግዳወርቅ ናት።

«ትሰረዝ» አለች። ተሰረዘች።

ይሄኔ ዳዲ ከኋላ ተነሣና «እኔም የምለው አለኝ» አለ። ቦጋለች ቀና አለች። ልጇ ነው፤ የወለደችው ነው።

«የክፍሉ ውል ሊያልቅ ነው» አለ ዳዲ። «ታድሱታላችሁ ወይስ ለሌላ ላከራየው?»

ኦቦ ሌታ ይታደስ የሚል እጁን ያውጣ አሉ። ሁሉም አወጣ። ቦጋለችም ስንት ዓመት ከሰዉ ጋር ስታወጣ በኖረችው ልማድ፣ ምን እንደተባለ እንኳ ሳታስተውል እጇን አወጣች።

«አዴ» አሉ ኦቦ ሌታ፣ «ያንቺ አይቆጠርም። አውርጂው።»