በጆሮ የሚፈተሽ ፍላጻ

ከቀስት ውርወራው ሜዳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ፍላጻ የሚያቃናውን ሽማግሌ ሁሉም ጋሽ ውኃ ልክ ይሉታል። የአሉሚኒየም ፍላጻ መስታወት ላይ ያንከባልላል፤ የፀጉር ያህል ከጎበጠ ዓይኑ አያልፈውም። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቱ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን ያደርገዋል። ሲቃናለት መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ሴት ልጁ ናት፤ እዚያው ሜዳ ላይ ትወረውራለች። ለውድድር ቡድኑ የሚመረጡት አራት ሰዎች ሲሆኑ እሷ በነጥብ አምስተኛ ነበረች። ሰባ ሜትር ላይ ነፋሱ ወፍራሙን አሉሚኒየም እየገፋ ይወስድባታል፤ ቀጭኑን የካርቦን ፍላጻ የያዙት ግን መሃል ላይ ይሰካሉ። ጓደኞቿ የአባትሽ ፍላጻ እንደ አማት ነው፤ ከባድ ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ አይቀርም እያሉ ይስቁባታል።

አባቷ ዓመት ሙሉ ካርቦን አይሆንም ብሎ ተከራከራት። አሉሚኒየም ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ጉዳቱን አይደብቅም፤ ካርቦን ግን ቀጥ እንዳለ ውስጡ ይሰነጠቅና ሲለቁት እጅ ላይ ይፈነዳል አላት። እውነቱን ነው፤ ግን ሙሉውን አልተናገረም። ካርቦን የሚፈተሸው በጆሮ ነው። ከጆሮ አጠገብ ይዘው ለመጥ ሲያደርጉት የተሰነጠቀው ቀጭ ይላል። የሱ ጆሮ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል። ከንፈር እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይኖራል። ዱሮም ዝምተኛ ስለሆነ ማንም የነቃበት አልመሰለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ምርጫው ወር ሲቀረው ልጁ አሥራ ሁለት የካርቦን ፍላጻ ገዝታ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለትና አንተ ካልፈተሽካቸው አልወረውርም አለችው። እምቢ ቢል ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው። ተቀበላት።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው አንድ በአንድ ወደ ጆሮው እያስጠጋ ለመጥ ያደርጋቸዋል። ሁሉም ዝም። በጣቱ ይዳስሳል፣ በዓይኑ ይመረምራል፤ ያ እንደማይበቃ ያውቃል። ደህና ናቸው ይላታል። ነጥቧ ከፍ አለ፤ አራተኛ ሆነች። ደስታዋን ሲያይ መናገሩ ይበልጥ ከበደው።

የምርጫው ዕለት ተወዳዳሪዎቹን ወደ ሌላ ሜዳ የሚወስደው መኪና ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ፍላጻዎቹን ፈትሾ ሰጣት፤ እየሮጠች ወጣች፤ ተከትሏት ተሳፈረ። በሦስተኛው ዙር ገመዱን ስትለቀው ፍላጻው ከቀስቱ ሳይወጣ ተሰባበረ። ጥቁር ስንጣሪ በግራ መዳፏ ገባ። እሱ ከአጥሩ ኋላ ቆሞ ነበር። ፍንዳታውን አልሰማም፤ ቀስቱ ሲወድቅ ነው ያየው።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ስንጣሪውን ለቅሞ አወጣ። የአውራ ጣቷ ጅማት ግን ተቆርጧል፤ ይህ እጅ ከእንግዲህ ቀስት አይጨብጥም አለ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቷ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። 

"ጆሮዬ..." ብሎ ጀመረ።

ወደ እሱ ዞረች። ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ ተናገረች።

"አውቃለሁ አባዬ። ከጀመረህ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ፍላጻዎቹን ለምን ሰጠሽኝ?"

"ሥራህን ከነጠቅኩህ ምን ይቀርሃል? አንተ ከፈተሽካቸው በኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብቼ ደግሜ አዳምጣቸው ነበር። ዛሬ መኪናው አጣደፈኝ።"

አንገቱን ደፋ። የቡድኑ አሰልጣኝ ውጭ እየጠበቀ መሆኑን ነገረችው። ማን ፈተሸው ካለህ እሷ ናት በል፣ አለዚያ ከሥራ ያወጡሃል አለችው። በደህናው እጇ ኮሌታውን አቃናችለት።

ወጣ። አሰልጣኙ ከአግዳሚው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። አልተቀመጠም።

"የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጄ ሌላ ብትልህ አትመናት።"

አሰልጣኙ ወለሉን እያየ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ አልታየም። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ራሱን ሊነቀንቅ ቃጣውና ተወው።

"አልሰማሁህም" አለ። "ቀና ብለህ ንገረኝ።"